ዊሊያም ኮቤት፦ ጫካውን አይቶ ማገዶውን የጠየቀ ጋዜጠኛ

ስለ እንግሊዝ ገጠር የተጻፉ ነገሮችን ስናገላብጥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው አረንጓዴ ኮረብታ፣ ጉም የለበሰ ጫካ፣ የተሰማራ የበግ መንጋና ግንቡ ያረጀ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ ውሸት ነው ማለት አይቻልም፤ አገሩ በእርግጥም ውብ ነው። ነገር ግን እዚያ ድረስ ሄዶ ውበቱን ብቻ ጽፎ የተመለሰ ሰው አንድ ነገር ሳይጠይቅ ቀርቷል። በዚያ ኮረብታ ሥር የሚኖረው ሰው ምን በልቶ ያድራል? በብርዱ ወራትስ ቤቱን የሚያሞቀው በምንድን ነው?

ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ይህን ጥያቄ ይዞ ከጫካ ጫካ፣ ከመንደር መንደር በፈረስ የዞረ አንድ ጋዜጠኛ ነበር። ስሙ ዊሊያም ኮቤት ይባላል። በእንግሊዝ የፕሬስ ታሪክ ውስጥ ስሙ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከእስርና ከፕሬስ ነፃነት ጋር ተያይዞ ነው። እኔ ግን ይበልጥ ላተኩር የፈለግሁት በጉዞዎቹ ላይ ነው። ሰውየው አንድን ጫካ እንዴት እንዳየው ስንረዳ፣ ጋዜጠኛ አንድን ቦታ እንዴት ማየት እንዳለበት እንረዳለን። ዓይን ብቻውን የት ላይ እንደሚያሳስትም አብረን እንረዳለን። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እራቱን በመጽሐፍ የለወጠው ልጅ

ኮቤት የተወለደው ማርች 9 ቀን 1763 ዓ.ም ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኝ ፋርንሃም በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። አባቱ አነስተኛ ገበሬ ሲሆን መጠጥ ቤትም ነበረው። ያ መጠጥ ቤት ከብዙ ዘመን በኋላ በልጁ ስም ተሰይሟል። ኮቤት ይህ ነው የሚባል ትምህርት ቤት አልገባም፤ ማንበብና መጻፍ ያስተማረው አባቱ ነው። የመጀመሪያ ሥራው ወፍ መጠበቅ ነበር፤ ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ከዘር ላይ ወፎችን ሲያባርር ይውላል። ከፍ ሲል ደግሞ በፋርንሃም ግንብ ውስጥ በነበረው የጳጳሱ አትክልት ቦታ ተቀጥሮ የተክል አጥር ይከረክም ጀመር።

11 ዓመት ሲሞላው አብሮት ከሚሠራ አትክልተኛ ስለ ኪው ሰማ። ኪው ያን ጊዜ የንጉሡ የአትክልት ስፍራ ነበር። ታዲያ ልጁ በማግስቱ ለማንም ሳይናገር በእግሩ መንገድ ጀመረ። ወደ ማታ ሪችመንድ ሲደርስ ኪሱ ውስጥ የቀረው ሦስት ፔንስ ብቻ ነበር፤ የእራቱ ገንዘብ መሆኑ ነው። በአንድ መጽሐፍ ሻጭ መስኮት ላይ ግን የጆናታን ስዊፍትን አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አየ። ዋጋዋ ልክ ሦስት ፔንስ። በቃ፣ እራቱን ትቶ መጽሐፏን ገዛና ከአንድ የድርቆሽ ክምር ሥር ተቀምጦ እስኪጨልም ድረስ አነበበ፤ እዚያው ተኛ። ሲነጋ ኪው ሄዶ ሥራ ጠየቀ፤ ተሰጠውም። መጽሐፏን ለዓመታት ይዟት ዞረ። በኋላ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሣጥኑ ባሕር ላይ ሲወድቅ አብራ ጠፋች።

በ1783 ዓ.ም ወደ ለንደን ሄዶ ጥቂት ወራት በአንድ የጠበቃ ቢሮ ጸሐፊነት ሠራ። ሥራውን ስለጠላው በ1784 ዓ.ም ወታደር ሆነ። የቀን ደመወዙ ስድስት ፔንስ ነበር። ብዕርና ወረቀት ለመግዛት ከምግቡ መቀነስ ነበረበት። የሰዋስው መጽሐፍ አግኝቶ ሙሉውን በእጁ ገለበጠው፤ ከዚያም በቃሉ ያዘውና ዘብ ቆሞ ሲያድር ይወጣው ነበር። ክፍለ ጦሩ ዛሬ ካናዳ ውስጥ ወደሚገኘው ኒው ብሩንስዊክ ተልኮ እስከ 1791 ዓ.ም ሲቆይ ኮቤት ብዙዎችን ቀድሞ እስከ ዋና ሻምበል ባሻነት ማዕረግ ደረሰ። የመዝገብ ሥራ በእጁ ስለነበር መኮንኖቹ ለወታደሩ የተመደበውን እንደሚሰርቁ ደረሰበት። ማስረጃውን በድብቅ ገልብጦ ያዘና ከሠራዊቱ ከተሰናበተ በኋላ በ1792 ዓ.ም ክስ አቀረበ። ነገር ግን ወጥመዱ ለእርሱ ለራሱ እየተጠመደ መሆኑን ሲያውቅ በቅርቡ ካገባት ሚስቱ ከአን ጋር ወደ ፈረንሳይ፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

ከንጉሥ ደጋፊነት ወደ ወህኒ ቤት

ፊላደልፊያ ውስጥ የፈረንሳይ ስደተኞችን እንግሊዝኛ እያስተማረ ኖረ፤ ቀጥሎም በብዕር ስም መጻፍ ጀመረ። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ ኮቤት የለየለት የእንግሊዝ ንጉሥ ደጋፊ ነበር። ብዕሩ ስለታም ስለነበር ጠላት አላጣም። አንድ ታዋቂ ሐኪም በስም ማጥፋት ከሰሰውና 5,000 ዶላር ተፈረደበት። በ1800 ዓ.ም ወደ አገሩ ሲመለስ ባለሥልጣናቱ በደስታ ተቀበሉት፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚደጎም ጋዜጣ ሊሰጡትም ፈልገው ነበር። እርሱ ግን አልፈለገም። በ1802 ዓ.ም የራሱን ሳምንታዊ ጋዜጣ ጀመረ፤ ስሙም ፖለቲካል ሬጂስተር ነው። በዚሁ ጊዜ የፓርላማ ክርክሮችን እየሰበሰበ ማሳተም ያዘ። ይህን ሥራ በኋላ የገዛው ሃንሳርድ የተባለው አታሚ ሲሆን፣ የብሪታኒያ ፓርላማ ቃለ ጉባኤ ዛሬም በዚሁ አታሚ ስም ይጠራል።

የኮቤት አቋም የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። ለውጡን ያመጣው መጽሐፍ ሳይሆን ገጠሩ ነው። ከአሜሪካ ሲመለስ በልጅነቱ የሚያውቃቸው የወል መሬቶች እየታጠሩ ለባለርስቶች ሲሰጡ አየ። በ1805 ዓ.ም በሃምፕሻየር ቦትሊ በምትባል መንደር እርሻ ገዝቶ ዛፍ መትከል ጀመረ። እዚያ አጠገብ ሆርተን ሂዝ የሚባል የወል መሬት ነበር። ጎጆ ቀልሰው በዳርቻው የሚኖሩት ድሆች መሬቱን ያለ ጥቅም ይዘውታል ይባል ነበርና ኮቤት ሄዶ ቆጠረ፤ የንብ ቀፎውን፣ አሳማውን፣ ላሙን፣ ዶሮውን። የደረሰበት ድምዳሜ፣ እነዚያ ድሆች ከቁራሽ መሬታቸው የሚያገኙት በአካባቢው ካለ 200 ኤከር እርሻ ምርት ይበልጣል የሚል ነበር። እኛ አሁን በመረጃ የተደገፈ ዘገባ የምንለው ነገር እንግዲህ ይህ ነው።

በ1809 ዓ.ም ኢሊ በተባለች ከተማ የሚሊሺያ ወታደሮች በደመወዛቸው ላይ በተደረገ ቅናሽ ምክንያት አመፁ። መሪዎቹ በጀርመን ፈረሰኞች ጥበቃ ሥር እንዲገረፉ ተደረገ፤ እያንዳንዳቸው 500 ግርፋት ተፈርዶባቸው ነበር። ኮቤት በቁጣ ጻፈ። በ1810 ዓ.ም ሁለት ዓመት እስራትና 1,000 ፓውንድ መቀጫ ተፈረደበትና ለንደን በሚገኘው ኒውጌት ወህኒ ቤት ገባ። ከዚያም ሆኖ ጋዜጣውን አላቋረጠም፤ እርሻውንም በደብዳቤ ይመራ ነበር። ልጆቹ ከቦትሊ በቅርጫት የእርሻ ፍሬ ሲልኩለት፣ የዕለት ሥራ መዝገብ፣ በጸደይ መጀመሪያ ጫካ ውስጥ የሚፈኩትን አበቦችና አዲስ ያቆጠቆጡ ቅርንጫፎችን ይጨምሩለት ነበር። ሰውየው ወደ ጫካው መሄድ ባይችል ጫካው ወደ እርሱ ይመጣ ነበር ማለት ነው።

በ1812 ዓ.ም ከእስር ወጣ። በ1815 ዓ.ም ከፈረንሳይ ጋር የነበረው ረጅም ጦርነት ሲያበቃ ሰላም እንጂ እንጀራ አልመጣም። በዚያን ጊዜ በጋዜጣ ላይ የተጣለው ቀረጥ በቅጂ አራት ፔንስ ስለነበር ድሀ ጋዜጣ መግዛት አይችልም። ኮቤት በ1816 ዓ.ም መላ ፈጠረ። ዜናውን አስወጥቶ ሐሳቡን ብቻ በአንድ ወረቀት ላይ አትሞ፣ ጋዜጣ ሳይሆን በራሪ ጽሑፍ ነው ብሎ በሁለት ፔንስ ሸጠው። ሠራተኛው በየመጠጥ ቤቱ ተሰብስቦ አንድ የሚያነብ ሰው እየፈለገ ያስነብበው ጀመር። መንግሥት ደነገጠ። በ1817 ዓ.ም ሰውን ያለ ፍርድ ማሰር የሚያስችል ሕግ ሲወጣ ኮቤት እንደገና ወደ አሜሪካ ሸሸ። ሎንግ አይላንድ ላይ እርሻ ተከራይቶ ሳለ ለወታደሮች፣ ለመርከበኞችና ለእርሻ ልጆች የሚሆን የሰዋስው መጽሐፍ ጽፎ በ1818 ዓ.ም አሳተመ። በ1819 ዓ.ም ሲመለስ የቶማስ ፔይንን አፅም ቆፍሮ አውጥቶ ይዞ መጣ። በክብር ላስቀብረው ብሎ ነበር፤ አልሆነለትም፤ አፅሙም ከሞቱ በኋላ የት እንደገባ ጠፋ። በ1820 ዓ.ም ኪሳራ ታወጀበት። ቦትሊንም አጣ። በለንደን ዳርቻ በኬንሲንግተን አራት ኤከር መሬት ይዞ የዛፍ ችግኝና ዘር እየሸጠ እንደ አዲስ ጀመረ። ያን ጊዜ ዕድሜው 57 ነው።

በፈረስ ላይ

በ1812 ዓ.ም አንድ ኳርተር ስንዴ 126 ሺሊንግ ገደማ ይሸጥ ነበር። በ1822 ዓ.ም ወደ 44 ሺሊንግ ወረደ። ገበሬው ኪራይ መክፈል ሲያቅተው የሠራተኛውን ደመወዝ ቀነሰ። ሠራተኛው በድሆች መደጎሚያ ላይ ወደቀ። ብቅል፣ ሳሙና፣ ሻማ፣ ጨው ሳይቀር ቀረጥ ተጥሎባቸው ነበር። ፓርላማው ኮሚቴ አቋቁሞ በ1821 ዓ.ም ምስክር ሰማ፤ ወፍራም ሪፖርትም አወጣ። ኮቤት ግን ሪፖርት አንብቦ መፍረድ አልፈለገም፤ ልሂድና ልየው አለ።

የመጀመሪያው ጉዞ ኦክቶበር 1821 መጨረሻ ላይ ተጀመረ። እስከ 1826 ዓ.ም ድረስ የደቡብ እንግሊዝን ግዛቶች እያፈራረቀ ዞረባቸው። የሚጽፈውን ማስታወሻ በየጊዜው በጋዜጣው ላይ ያወጣው ነበር፤ በ1830 ዓ.ም የገጠር የፈረስ ጉዞዎች የሚል ትርጉም ባለው ርዕስ በመጽሐፍ ወጣ። ዘዴው ቀላል ነው። ቀረጥ እየተከፈለበት የሚኬደውን ዋና መንገድ ይሸሻል። በዋናው መንገድ የሚሄድ ሰው የሚያየው የእንግዳ ማረፊያዎችንና የሀብታም አጥሮችን ነው። እርሱ ግን የጋሪ መንገድ፣ የጫካ መንገድ፣ የበግ መንገድ ይመርጣል። ያገኘውን ሰው ሁሉ ያናግራል፤ ደመወዝህ ስንት ነው፣ ስንት ልጅ አለህ፣ ትናንት ምን በላህ እያለ። አፈሩን ያያል፣ ዛፉን ያያል፣ ከዚያ ደግሞ የሰዉን ልብስና ፊት ያያል።

የሃውክሊ ቁልቁለት

ከጉዞዎቹ ሁሉ የታወቀው በኖቬምበር 1822 ከኢስት ሚዮን ወደ ተርስሊ ያደረገው ነው። በዚያ በሃምፕሻየር አካባቢ ሃንገር የሚባል የጫካ ዓይነት አለ። በቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ የበቀለ፣ ከኮረብታው ጫፍ የተንጠለጠለ የሚመስል ጫካ ማለት ነው። ሰዎች በዚያ በኩል ማለፍ አይቻልም፣ በዋናው መንገድ ሂድ ብለው መከሩት። ዋናው መንገድ ግን ሂንድሄድ የተባለውን ጠፍ ኮረብታ ያልፋል፤ ኮቤት ደግሞ ሂንድሄድን አምርሮ ይጠላል። ስለዚህ በጫካው በኩል ሄደ።

ሃውክሊ ሲደርስ በዛፎቹ መሀል እየተጓዘ ሳለ ሳያስበው ከገደሉ አፍ ላይ ቆመ። ከእግሩ ሥር ገደላማው ጫካ፣ ከዚያ ወዲያ መስኩና ሌሎች ጫካ የለበሱ ኮረብታዎች ተዘርግተዋል። ከግንብ ላይ ሆኖ ባሕር የሚያይ ይመስል ነበር፤ ልዩነቱ ከታች ያለው ውኃ ሳይሆን መሬት መሆኑ ብቻ ነው። መውረጃው ግን ሌላ ጉድ ነበር። አፈሩ ሲረጥብ እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ግራጫ ጭቃ ነው። ፈረሶቹ በኋላ እግራቸው እየተንፏቀቁ ቀድመው ወረዱ። የ59 ዓመቱ ኮቤት ደግሞ ከኋላ ሆኖ የቁጥቋጦውን ቅርንጫፍ እየያዘ ራሱን ቁልቁል ለቀቀ።

የዚያን ዕለት ማታ የሆነው ደግሞ ያስቃል። ሄድሊ ላይ ሲመሽበት በዝናብ ውስጥ መንገድ የሚያሳየው ሰው ቀጠረ። ስምምነታቸው ሂንድሄድን ሳይነኩ እንዲያልፉ ነበር። ሰውየው ግን በጨለማ መንገዱ ጠፋበትና ኮቤትን የት ቢያደርሰው ጥሩ ነው? ሂንድሄድ አናት ላይ! ኮቤት በስብሶ ተርስሊ ሲገባ የተስማሙበትን ሦስት ሺሊንግ አልከፍልም አለ። ይህን ሁሉ ራሱ ጽፎ ነው ያወጣው፤ ለዚህ ነው አንባቢው የሚያምነው።

ጫካው የተናገረው

ኮቤት ጫካ ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ሥራ ነው። በእንግሊዝ ጫካዎች ውስጥ ከትላልቆቹ የኦክ ዛፎች ሥር ሄዝልና አሽ የመሳሰሉ ዛፎች ከጉቷቸው ተቆርጠው እንደገና እንዲያቆጠቁጡ ይደረግ ነበር። በየአሥር፣ በየአሥራ አምስት ዓመቱ ክፍል በክፍል ይቆረጣሉ። ከእነርሱም የበግ ማገጃ፣ የበርሜል ቀለበት፣ ለቢራ የሚሆነው የሆፕስ ተክል የሚወጣበት እንጨት፣ ከሰልና ማገዶ ይወጣል። ዋናው ነገር ቆረጣው የሚካሄድበት ጊዜ ነው። ዛፉ የሚቆረጠው ቅጠሉ ረግፎ በሚያርፍበት በብርዱ ወራት ነው። ይህ ደግሞ እርሻው ሥራ የማይሰጥበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ጫካ ያለበት አገር ሠራተኛ በጣም በሚቸገርበት ወቅት ደመወዝም ማገዶም ያገኛል። በጫካው ዳር ደግሞ ማንም ያልፈለገው ቁራሽ መሬት አይጠፋም፤ አንድ አሳማ፣ ካልሆነም ጥቂት ዶሮዎች ያረባበታል።

አሁን ከሃምፕሻየር ጫካ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኬንት ግዛት ጫፍ እንሂድ። ኮቤት በሴፕቴምበር 1823 ታኔት ወደተባለው አካባቢ ሲደርስ ያገኘው ከሁሉ የላቀ የስንዴ መሬት ነው። አፈሩ ለም፣ እርሻው ሰፊ፣ ጎተራው ትልቅ። ዛፍ የለም፤ አጥር እንኳ የለም ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዷ ስንዝር ታርሳለች። የሠራተኛው ቤት ግን ከየትኛውም ቦታ የከፋ ነበር፤ ሰዉም የተጎሳቆለ። ኮቤት ከዚህ ተነስቶ በየጉዞው የታዘበውን እንደ ደንብ አስቀመጠው፦ መሬቱ ለም እየሆነ ጫካው እየጠፋ በሄደ ቁጥር ሠራተኛው ይደኸያል። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ይመስላል እንጂ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለም መሬት ላይ እያንዳንዷ ስንዝር ዋጋ ስላላት ለድሀ የምትተርፍ የለችም። ለላም የሚሆን ሣር የለም፤ ለምድጃ የሚሆን ጭራሮ የለም። በስንዴ መሀል ተቀምጦ ዳቦ የሚጋገርበት ማገዶ ያጣ ሰው ነበር ማለት ነው።

ይህን ሲያነብ ኮቤት ጫካን ገነት አድርጎ ሣለው የሚል ይኖራል። አላደረገም። ጫካው የአደን ቦታም ነበር። ጥንቸልና ወፉ የባለርስቱ ነው። በዚያ ዘመን በወጣ ሕግ ሌሊት መሣሪያ ወይም መረብ ይዞ ለአደን የተገኘ ሰው ለሰባት ዓመት ወደ ሩቅ አገር ሊጋዝ ይችል ነበር። በ1822 ዓ.ም ዊንቸስተር ላይ ሁለት ሰዎች ከአደን ጠባቂዎች ጋር በተያያዘ ግጭት ተሰቅለዋል፤ አንደኛው ሎርድ ፓልመርስተን ጠባቂ ላይ ተኩሶ አቆሰለ እንጂ አልገደለም። ኮቤት ይህንንም ጉዳይ በጋዜጣው ላይ አውጥቶ ተከራከረ።

የዛፍ ፍቅሩ ግን የእውነት ነበር። በ1823 ዓ.ም ሴልቦርን ሲያልፍ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለውን ጥንታዊ የዩው ዛፍ ወርዶ ለካው፤ ዙሪያው 23 ጫማ ከ8 ኢንች ሆነ። የዚያው መንደር ተወላጅ የሆነው የተፈጥሮ ተመራማሪ ጊልበርት ኋይትም ቀደም ብሎ ለክቶት ነበር። ዛፉ በ1990 ዓ.ም በማዕበል እስኪወድቅ ድረስ ቆሟል። ኮቤት ስለ ዛፍ አተካከል መጽሐፍም ጽፏል። ከአሜሪካ ያመጣውን ሎከስት የተባለ ዛፍ እንጨቱ አይበሰብስም ብሎ እያወደሰ በብዛት ሸጠ። ቀልዱ ይህ ነው፦ ይኸው ዛፍ አካሺያ በሚል ስም በእንግሊዝ ችግኝ ጣቢያዎች ውስጥ ድሮም ነበር፤ የሚገዛው ግን አልነበረም። ሰዉ ግን ሎከስት ካልተባለ አልገዛም ብሎ ኮቤት ዘንድ ይሰለፍ ነበር። የጋዜጣን ጉልበት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም፤ ለዚሁም ነው የሚያስፈራው።

ዓይኑ የሳተበት

እስካሁን ያመሰገንኩትን ሰው ጉድለቱን ሳልናገር ባልፍ ሥራዬን አልሠራሁም። በ1826 ዓ.ም በዊልትሻየር የኤቮን ወንዝ ሸለቆን ተከትሎ ሲወርድ ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናትና ጥቂት ቤቶች አየ። አንዱን አጥቢያ ይዞ አሰላ፤ የሚመረተው እህልና ሥጋ እዚያ ከሚኖረው ሰው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሕዝብ እንደሚመግብ አሳየ። አምራቹ ግን ተርቧል። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነበር፤ ምርቱ የት ሄደ? ወደ ለንደን ነው፤ ለንደንን በአገሩ አካል ላይ እንደበቀለ እባጭ ነበር የሚቆጥራት። ከዚያ ግን አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ስለሆነ ድሮ ብዙ ሰው ነበረ፣ ዛሬ የእንግሊዝ ሕዝብ ቀንሷል ብሎ ደመደመ። ይህ ስህተት ነው። ከ1801 ዓ.ም ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የሚደረገው ቆጠራ ሕዝቡ በፍጥነት እየጨመረ መሆኑን ያሳይ ነበር። ኮቤት ቆጠራውን ውሸት ነው ብሎ ጣለው። ሆርተን ሂዝ ላይ ቀፎ የቆጠረ ሰው፣ ሌሎች ሰው ሲቆጥሩ አልቀበልም አለ።

ከዚህ የከፋም አለ። በአይሁዶች ላይ የጻፈው ጥላቻ የሞላበት ነው። ስለ ጥቁሮችም እንዲሁ ክፉ ጽፏል። የባሪያ ንግድን የተዋጋውን ዊልበርፎርስን ሲሳደብ፣ ባሪያዎቹ ከእንግሊዝ ሠራተኛ የተሻለ ይኖራሉ እስከ ማለት ደርሷል። የካሪቢያን እርሻዎችን ግን ሄዶ አላያቸውም። ልብ እንበል፦ ፈረሱ ባደረሰው ቦታ ሰው ያየ ጸሐፊ፣ ፈረሱ ባላደረሰው ቦታ ላይ ያሉትን ሰዎች በስድብ አለፋቸው። ሄዶ ማየት የሚለው መርሑ ለራሱ ሚዛን ቢሆነው ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፈ ነበር።

የብርዱ ወራት ሲመጣ

ኮቤት ታኔትን ካየ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1830 ዓ.ም በዚያው በምሥራቅ ኬንት ከካንተርበሪ አጠገብ የእርሻ ሠራተኞች የመውቂያ ማሽን ሰባበሩ። ማሽኑን የጠሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። በብርዱ ወራት ለእርሻ ሠራተኛ የቀረችው ሥራ በእጅ እህል መውቃት ነበረች፤ ማሽኑ እርሷንም ወሰደ። አመፁ በጥቂት ወራት ውስጥ ኮቤት በፈረሱ የዞረባቸውን ግዛቶች አዳረሰ። ሲበርድ 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ወደ አውስትራሊያ ተጋዙ። መንግሥት የኮቤት ጽሑፍ ሕዝቡን አነሳስቷል ብሎ በ1831 ዓ.ም ከሰሰው። የ68 ዓመቱ ሽማግሌ ያለ ጠበቃ ራሱን ተከላከለ፤ ሚኒስትሮቹን በምስክርነት አስጠራ። ዳኝነት የተሰየሙት ሰዎች መስማማት ስላልቻሉ በነፃ ወጣ።

በ1832 ዓ.ም የምርጫ ሕግ ተሻሻለ። እስከዚያ ድረስ ኦልድ ሳረም የተባለ ሰው የማይኖርበት ኮረብታ ሁለት የፓርላማ አባላት ሲልክ ትልልቅ የፋብሪካ ከተሞች አንድም አይልኩም ነበር። ኮቤት በየጉዞው የሚረግመው ኮረብታ ነው። በአዲሱ ሕግ ኦልድሃም የምትባለው የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ኮቤትን መርጣ ፓርላማ ላከችው። በ1834 ዓ.ም ድሆችን ወደ ጉልበት ሥራ ማቆያ ቤት የሚያስገባውን አዲስ ሕግ አጥብቆ ተቃወመ፤ ሕጉ ግን ጸደቀ።

በመጨረሻ ዘመኑ በተወለደበት በሰሪ ግዛት እርሻ ይዞ ነበር። መሞቱ ሲቃረብ በወንበር ተሸክመው እርሻውን እንዲያሳዩት ጠየቀና አዞሩት። ጁን 18 ቀን 1835 ዓ.ም በ72 ዓመቱ አረፈ። የተቀበረው በፋርንሃም፣ ከተወለደበት ቤት ብዙም ሳይርቅ ነው።

ለእኛ ምን ተረፈ?

የኮቤት ሥራ ለጋዜጠኝነት ተማሪ ሁለት ነገር ይሰጣል። አንደኛው፣ ቦታን በሦስት ጥያቄ የማየት ልማድ ነው፤ እዚህ ምን ይመረታል፣ ማን ያመርተዋል፣ ማንስ ይበላዋል? እነዚህን ጥያቄዎች የያዘ ሰው ያማረ ጫካ ላይ ቆሞ እንኳ ዜና ያገኛል። ውበቱንም መካድ አያስፈልገውም፤ ኮቤት የሃውክሊን ውበት በፍቅር ገልጾ ሲያበቃ ነው ስለ ማገዶ የጠየቀው።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። በዓይን ያዩት ነገር እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። አንድ መንደር አይቶ ስለ አገር መደምደም፣ ያላዩትን ሕዝብ በጅምላ መጥላት፣ ከራስ ሐሳብ ጋር ያልተስማማን ቁጥር ውሸት ነው ማለት ይህን የመሰለ ጎበዝ ጋዜጠኛንም አበላሽቶታል። ሠራተኛውን ስናናግር ቆጠራውንም እናንብብ፤ ቆጠራውን ስናነብም ሠራተኛውን እናናግር። አንዱ ሲጎድል ሌላው ብቻውን ይስታል።

ያም ሆኖ በ1820ዎቹ የእንግሊዝ የገጠር ሠራተኛ በብርዱ ወራት ምድጃው ውስጥ ምን እንደነበረ ዛሬ የምናውቀው በከፊል አንድ ሰው ከዋናው መንገድ ወጥቶ በጭቃው ቁልቁለት ቅርንጫፍ እየያዘ ስለወረደ ነው።